ገበያው ከመከፈቱ በፊት ፋይላችን ይከፈት

ግልጽ ደብዳቤ

ለኤሌክትሪክ ዘርፍ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ ገበያው ለውድድር ከመከፈቱ በፊት መቅደም ስላለባቸው ነገሮች

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን በአክብሮት እናቀርባለን። እኛ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጨ አድርጎ ገላን ድረስ ባለው አካባቢ የምንሠራ ባለ ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ አናጺዎችና በያጆች ነን። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያስረክቡ እናቶችም አብረውን አሉ። ዕድሜውን በኤሌክትሪክ ሥራ አሳልፎ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ቴክኒክ ነክ የሆነውን ሁሉ እያየ አርሞልናል። ፖለቲካ የለንበትም፤ አብዛኞቻችንን የሚያገናኘን ሦስት ፌዝ ቆጣሪ፣ ማለትም ኃይል በሦስት ሽቦ የሚመጣበት የማሽን ቆጣሪ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን ዘርፉን ለግል ባለሀብትና ለውድድር ለመክፈት የሚደረገው ዝግጅት ነው። በጉዳዩ ላይ «ባለድርሻ አካላት» ተጠርተው ሲመክሩ ኃይል ማመንጫ መገንባት የሚፈልጉ ኩባንያዎች ተገኝተዋል፤ የትልልቅ ፋብሪካዎች ሰዎች፣ አማካሪዎችና አበዳሪዎችም ተገኝተዋል። ከእኛ ዓይነቱ ደንበኛ ግን አንድም ሰው አልተጠራም። ሄደን ስንጠይቅ «የእናንተ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል» ተባልን። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በመጀመሪያው የተወሰነው ሁሉ በደንብና በመመሪያ ታስሮ እንደሚጠብቀን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ውድድርን አንቃወምም። ሻጩ አንድ ብቻ የሆነበት ገበያ ምን እንደሚመስል ለእኛ የሚነግረን ሰው አያስፈልግም። የማንስማማው የመብራት ችግር የኃይል እጥረት ብቻ ነው ከሚለው ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. ፈረቃ ሲታወጅ ምክንያቱ የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ መቀነስ ነው ተባለ፤ ገባንና ታገሥን። ዛሬ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል። የእኛ መብራት የሚጠፋው ግድቡ ላይ አይደለም። የሚጠፋው ከሰብስቴሽኑ፣ የከፍተኛ መስመሩ ቮልቴጅ ለከተማ ዝቅ ከሚደረግበት ጣቢያ፣ ወዲህ ነው፤ በ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር፣ በትራንስፎርመሩና በቆጣሪያችን መካከል።

እዚህ ክፍል ላይ ደግሞ ውድድር የሚባል ነገር አይመጣም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ለሁለት ሻጭ ሁለት ረድፍ ምሰሶ አይተከልም። ማመንጨቱ ለብዙዎች ቢከፈት፣ ሽያጩም ቢከፈት፣ ሽቦው የአንድ ቤት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቤት ጋር ስንጋጭ የሚዳኘን እናንተ ናችሁ። እንግዲህ የደብዳቤያችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ዛሬ በአንድ ሻጭና በአንዲት ወፍጮ ቤት መካከል ያለ ክርክር መልስ ሳያገኝ የሚከርም ከሆነ፣ ነገ በብዙ ሻጮችና በብዙ ገዢዎች መካከል የሚነሳውን ማን ሊፈታው ነው?

የወፍጮ ቤቷን ነገር ዝም ብለን አላነሳነውም። የደረሰው እንዲህ ነው። የበዓል ሰሞን ነበር፤ ሰልፉ ደጁን አልፎ መንገድ ወጥቷል። ድንገት አንዱ ፌዝ ጠፋ። ሦስት ፌዝ ዲናሞ አንዱ ሲጎድልበት ወዲያው ቀጥ አይልም፤ በቀሩት ሁለቱ እየጎተተ ድምፁን ቀይሮ ያጓራል፣ ይግላል። አምፖሉ ከሌላው ፌዝ የተያዘ ስለነበር እንደበራ ነው። ስለዚህ ፈጪው ልጅ መብራት የተቋረጠ አልመሰለውም፤ እህሉ በዝቶበት ነው ብሎ የሚገባውን ቀነሰ። ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ። ያ ሽታ ከመጣ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያውን መምታት ጭሱን ከመቀነስ በቀር ትርፍ የለውም፤ ጥቅልሉ አልቋል።

ባለቤቷ በዚያ ወፍጮ ልጆች ያሳደገች እናት ናት። ዲናሞውን አስፈትታ ለማስጠቅለል ወሰደች፤ የበዓሉ ገበያ እዚያው ቀረ፤ ሰልፈኛውም እህሉን ተሸክሞ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። የጥገና ሠራተኞች ሲመጡ ትራንስፎርመሩ ላይ የተቃጠለውን ፊውዝ በቁራጭ ሽቦ ተክተው ሄዱ። ለምን ሲባሉ «ፊውዝ ከመጋዘን አልወጣልንም» አሉ። ልጆቹን አንወቅስም፤ ባዶ እጃቸውን ተልከው ነው። ግን ያ ሽቦ እንደ ፊውዝ በጊዜው አይበጠስም፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ራሱ ነው።

ለአገልግሎት ሰጪው ስታመለክት «መከላከያ አልገጠምሽም» የሚል መልስ ተሰጣት። ጡረተኛው ባለሙያችን እንደሚለው ፌዝ ሲጎድል ዲናሞውን የሚያጠፋ ሪሌ ቢኖር ኖሮ እውነትም ይተርፍ ነበር። ይሁን እንበል። ታዲያ ቆጣሪው ሲገባላት፣ ውሉ ሲፈረም፣ ኢንስፔክተሩ መጥቶ መስመሩን አይቶ ሲፈቅድ ይህን ግዴታ ማን ነገራት? በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል? ይህን ጥያቄ ይዛ ወደ ተቆጣጣሪው መጣች። ማመልከቻዋ ገቢ ሆነ፣ ማህተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ፋይሉ «እየታየ ነው»። አይካስም ቢባል እንኳ መልስ ነው፤ ይግባኝ ይባልበታል። «እየታየ ነው» ግን ይግባኝ የለውም።

ሌላም አለ። ኮዬ ፈጨ አካባቢ ኑትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሶ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 380 ተጠግቶ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የዳቦ ቤት ማቡኪያ ሰሌዳ በአንድ ምሽት ተቃጥሏል። በአንድ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ላይ አመለከቱ። ለየብቻ «ዕቃው ከመስመሩ የተነሳ ለመቃጠሉ ማስረጃ አቅርቡ» ተባሉ። ማስረጃው ያለው ማን ዘንድ ነው? መስመሩን የያዘው እኮ እኛ አይደለንም!

ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚሁ ይመዘዛል። የአካባቢያችን መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ በፊደር፣ ማለትም ከሰብስቴሽን በሚወጣው በእያንዳንዱ መስመር፣ እንዲሁም በትራንስፎርመር ደረጃ ተመዝግቦ ሕዝብ የሚያየው ቦታ የለም። ያለው መዝገብ የእኛ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ዱቤ የሚጻፍበት ደብተር ጀርባ ላይ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ይጽፋል፤ አጠገቡ የተበላሸውን ሊጥ ብዛት በኩንታል ሳይሆን በሳፋ ያሰፍራል። ደብተሩን ይዘን ብንመጣ እንደ ማስረጃ እንደማትቆጥሩት እናውቃለን። እናንተስ ከዚህ የተሻለ ምን አላችሁ? በሌላው ዓለም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራውን የሚጀምረው ከሁለት ቁጥር ነው፦ አንድ ደንበኛ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ተቋረጠበት፣ በድምሩ ስንት ሰዓት ጨለመበት። እነዚህ ሁለቱ በየአካባቢው ካልታወቁ፣ አዲሱ ተወዳዳሪ ገብቶ አገልግሎቱ ተሻሻለ ወይስ ባሰበት የሚለውን በምን ትለኩታላችሁ?

መለካት ከአቅም በላይ ነው እንዳይባል፣ የምንሸጥለት ጎረቤት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሱስዋ በሚደርሰው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ኬንያ በውል ኃይል ትገዛለች። እዚያ ኃይሉ በቆጣሪ ተለክቶ ይወጣል፣ ተለክቶ ይገባል፣ ገንዘቡም በዚያው ልክ ይታሰባል። በዚህ አገራችን ትኮራለች፤ እኛም እንኮራለን። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ለናይሮቢ የሚደርሰው ኃይል እንዲህ ሲለካ፣ ከመስቀል አደባባይ በመኪና ብዙም ሳይርቅ ገላን የሚደርሰው ለምን አይለካም?

ሦስተኛው የትራንስፎርመር ጉዳይ ነው። አዲስ ሼድ ሲሠራ ወይም ማሽን ሲጨመር «ያለው ትራንስፎርመር ሞልቷል» ይባላል። በጀት ተጠብቆ ስለማይደርስ አዋጥተን እንገዛለን፤ ምሰሶውንም፣ ኬብሉንም ጭምር። ከተተከለ በኋላ ንብረትነቱ የኔትወርኩ ይሆናል። ለጥገናው ኃላፊነት ሲባል ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ክርክር የለንም። ግን በእኛ ገንዘብ የተገዛው ትራንስፎርመር ላይ ሳንጠየቅ ሌላ ደንበኛ፣ ከዚያም ሌላ ይቀጠላል፤ ወዲያው እንደገና «ሞልቷል»። ያወጣነው ገንዘብ ከሂሳባችን አይቀነስም፤ በኋላ የተቀጠለውም ድርሻውን አይከፍለንም። ነገ የኔትወርኩ ንብረት ተቆጥሮ፣ ዋጋ ተተምኖ፣ ኪራዩ ለተወዳዳሪዎች በሚታሰብበት ቀን ይህ የእኛ ገንዘብ በየትኛው መደብ ሊጻፍ ነው? ኩባንያው እንዳወጣው ተቆጥሮ ትርፍ ከታሰበበት፣ ለገዛነው ዕቃ መልሰን ኪራይ ልንከፍል ነው ማለት ነው።

ስለ ታሪፉ አጭር እንሁን። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ጭማሪ ላይ ነን። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ እኛም ብረትና ኤሌክትሮድ ስንገዛ አይተነዋል። ስለዚህ አይጨመር አላልንም። ያልነው፦ ጭማሪው የቆመበት የወጪ ጥናት ለሕዝብ ይውጣ፣ ለማመንጨት ስንት፣ ለከፍተኛ መስመር ስንት፣ ለሥርጭት ስንት እንደሆነ ተለይቶ ይታይ፣ ከጭማሪው ጋር የአገልግሎት ግዴታም ይታሰር ነው። ዋጋው በየሦስት ወሩ ሲጨምር የጥገና ፍጥነቱም በየሦስት ወሩ ይቁጠር።

አሁን ወደ ውድድሩ እንምጣ፤ የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነውና።

በ2006 ዓ.ም. አንድ የነበረው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ከፍተኛ መስመር በአንድ ወገን፣ ሥርጭትና ሽያጭ በሌላ ወገን ሆኑ። ስለዚህ ዛሬም ግድቡ፣ ከፍተኛ መስመሩ፣ የትኛው ማመንጫ በየትኛው ሰዓት ይግባ ብሎ የሚያዘው ማዕከልም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በዚህ ላይ የግል አመንጪ ገብቶ ሲወዳደር ዕቃውን የሚያሳልፍበት መንገድም፣ መንገዱ ላይ ቆሞ ፊሽካ የሚነፋውም የተወዳዳሪው ነው ማለት ነው። ሂሳቡ ሳይለይ፣ የመስመሩ ኪራይ በግልጽ ሳይተመን፣ የሚያዘው ማዕከል ራሱን ችሎ ሳይቆም ገበያ ተከፈተ ቢባል በወረቀት ነው።

የግል አመንጪ መጥራት ብቻውን ኃይል እንደማያመጣም አይተናል። በ2012 ዓ.ም. በጋድና በዲቼቶ ለሚተከሉ የፀሐይ ማመንጫዎች በጨረታ የተገኘው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ለሰሚ ይገርማል፤ እንዲህ ርካሽ ዋጋ በጊዜው በአህጉሩ ብርቅ ነበር። ፕሮጀክቶቹ ግን ወደ ግንባታ ሳይገቡ ቀሩ። የውጭ ምንዛሪ፣ ዋስትና፣ የክፍያ ሥርዓት፣ እነዚህ ሁሉ ከዋጋው በኋላ የሚነሱ ሳይሆኑ ቀድመው መታሰር የነበረባቸው ነገሮች ናቸው። ጨረታ ማሸነፍና አምፖል ማብራት ለየቅል መሆናቸውን ተቆጣጣሪው ከማንም በፊት ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ሌላ ነው። ገበያው ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈቀድላቸው ትልልቆቹ ናቸው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢትኮይን የሚያመነጨው ዳታ ማይኒንጉ። ከአመንጪው በቀጥታ በርካሽ ይገዛሉ። ሂሳባቸውን በጊዜ የሚከፍሉ፣ ሌሊትም ቀንም እኩል የሚጠቀሙ፣ አንድ ቆጣሪ ብቻ የሚነበብላቸው ደንበኞች ናቸው። እነሱ ሲወጡ የምሰሶው፣ የትራንስፎርመሩ፣ የቅርንጫፉ ወጪ አብሮ አይወጣም፤ የቀረነው ላይ ይከፋፈላል። ቅቤውን ሌላ ወስዶ አሬራው ለእኛ ሲቀር፣ አሬራው ላይ የተጨመረውን ዋጋም የምንከፍለው እኛው ነን። መድኃኒቱ ትልልቆቹ አይውጡ ማለት አይደለም። መስመሩን ሲጠቀሙ የሚከፍሉት ኪራይ እኛን ለማገልገል የሚወጣውን የጋራ ወጪ ድርሻ እንዲይዝ ተደርጎ መተመን አለበት። ይህ ስሌት የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ የሂሳብ ባለሙያ፣ የኃይል መሐንዲስ፣ የሕግ ሰው ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። እናንተ ዘንድ ዛሬ ይህን የሚሠራ ስንት ሰው አለ? ሥራው የሚያልቀውስ ከመጀመሪያው ፈቃድ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የሌሎች አገሮችን ልምድ ለማየት የውጭ ጉዞ አያስፈልግም፤ የታወቀ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 አከፋፋዮቿን ለግል ኩባንያዎች ስታስረክብ እጅግ ብዙ ደንበኛ ቆጣሪ አልነበረውም። ኩባንያዎቹ በግምት ሂሳብ መላክ ቀጠሉ፤ የሰፈሩ ሕዝብና የአከፋፋዩ ሠራተኛ ለዓመታት ሲካሰሱ ኖሩ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነበራት፤ ሕጉም ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ወጥቶ ነበር። የጎደለው ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት ቆጣሪ ቆጥሮ «ይህ ካልተሟላ አላስረክብም» የሚል ነበር።

ዩጋንዳ ለየት ትላለች። ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ለአንድ የግል ኩባንያ ለሃያ ዓመት ሰጠች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ቀንሷል፣ ደንበኛውም በዝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዘመኑ አልቆ በ2025 መንግሥት ሲረከብ ግን ኩባንያው ላፈሰሰውና ላልተመለሰለት ገንዘብ ምን ያህል ይከፈለው በሚለው ላይ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ነገሩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄደ። ከላይ ስለ ትራንስፎርመራችን ያነሳነውን ጥያቄ እዚህ ላይ አስቡት። ማን ምን እንዳወጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካልተመዘገበ በመጨረሻው ቀን የሚቀርበው ቁጥር የእያንዳንዱ ወገን ምኞት ነው።

እንግሊዞች ደግሞ ገበያቸውን ከከፈቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተሰናከሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ ሲንር ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ሻጭ ኩባንያዎች ተራ በተራ ወደቁ። ብዙዎቹ በቂ ካፒታል ሳይኖራቸው ፈቃድ አግኝተው ቆይተዋል። መብራት የጠፋበት ቤተሰብ የለም፤ ምክንያቱም ሻጩ የከሰረበትን ደንበኛ ወዲያው ለሌላ የማስተላለፍ ሥርዓት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ወጪው ግን በሁሉም ቤት ሂሳብ ላይ ተጨመረ። እነሱ ያንን ተሸከሙት። እኛ ሰፈር ሻጩ አንድ ቀን «ከሰርኩ» ብሎ ቢዘጋ በማግሥቱ ጠዋት ምጣዱን የሚያግለው ማን እንደሆነ ዛሬ የተጻፈ ነገር አለ?

ከሩቅ ብቻ አንጥቀስ። በቴሌኮም ያደረግነውን አስታውሱ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 በ2011 ዓ.ም. ወጣ፤ ባለሥልጣኑም በዚያው ተቋቋመ። ለሁለተኛው ኦፕሬተር ፈቃድ የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. ነው። በመካከል ኔትወርክ እንዴት እንደሚገናኝ፣ መሠረተ ልማት እንዴት እንደሚጋሩ፣ የደንበኛ መብት ምን እንደሆነ መመሪያዎች ተዘጋጁ። ሁሉ ነገር ሰመረ አንልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነበር። መብራት ከስልክ ይከብዳል። ስልክ ሲበላሽ ሌላ ሲም ይሞከራል፤ ወፍጮ ላይ ሁለት ሲም አይገባም።

በኤሌክትሪክ ዘርፍ ተቆጣጣሪ የማቋቋም ሐሳብ አዲስ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በአዋጅ ቁጥር 86/1989 ተጀምሯል፤ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሰፍቷል። ሕጉ ዕድሜ ጠግቧል፤ የጎደለው ሕጉን በየሰፈሩ የሚያስፈጽም ሰው፣ መሣሪያና ድፍረት ነው። የብሔራዊ ግሪዱን ታሪፍ በተመለከተ በሕጉ መሠረት እናንተ ታጠናላችሁ፣ ሐሳብ ታቀርባላችሁ፣ የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። ግሪዱ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። የመንግሥት ድርጅትና የግል ኩባንያ ጎን ለጎን ሲሸጡ ግን ዋጋ የሚያጸድቀው ከተወዳዳሪዎቹ የአንዱ ባለቤት ሊሆን ነው። ይህን እኛ ወፍጮ ቤት ቆመን ካየነው ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ባለሀብት አያየውም ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የቅሬታ ውሳኔ በሕግ የታሰረ ቀነ ገደብ ይኑረው። ማመልከቻ ገቢ በሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ «ይገባችኋል» ወይም «አይገባችሁም» ተብሎ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ውሳኔዎቹም የግለሰብ ስም ሳይጠቀስ ለሕዝብ ይውጡ፤ አንዱ ወፍጮ ቤት ያገኘውን ፍርድ ሌላው ይጠቀምበት። ለዚህም መሃል ከተማ ካለው ቢሮ ሌላ በከተማዋ ዳር ዳር ማመልከቻ የሚቀበልና ቦታው ድረስ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ ይመደብ። አሁን በተቆለሉት ፋይሎች ይጀመር፤ የወፍጮ ቤቷና የኑትራሉ ጉዳይ ይወሰን።

በፌዝ መጉደልና በኑትራል መበጠስ ለሚቃጠል ዕቃ የካሳ መመሪያ ይውጣ። የደንበኛው የመከላከያ ግዴታም በዚያው ይጻፍና ቆጣሪ ሲገባ ተነግሮን እንፈርምበት። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም መስመሩን በያዘው ወገን ላይ ይሁን። ትራንስፎርመር ላይ ሽቦ በፊውዝ ቦታ እንዳይገባ የሚከለክልና የሚቀጣ ደንብ ካለ ይተግበር፤ ከሌለም ይውጣ።

በየፊደሩ የመቋረጥ ብዛትና ርዝመት ይለካ፣ በየሩብ ዓመቱ ይታተም። ይህ ሥራ የግል ተወዳዳሪ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይሠራበት፤ የክረምቱም የበጋውም ታይቶ መነሻችን ይታወቅ። ቆጣሪን ከአገልግሎት ሰጪው ውጭ ሆኖ የሚፈትሽ ላቦራቶሪ ይኑር፤ ቆጣሪዬ በዛብኝ የሚል ሰው ሄዶ የሚያስመረምርበት።

በደንበኞች መዋጮ የተገዙ ትራንስፎርመሮችና መስመሮች ተቆጥረው በልዩ መደብ ይመዝገቡ። ትርፍም ኪራይም አይታሰብባቸው። በኋላ የሚቀጠል ደንበኛ ለቀደሙት ድርሻ የሚመልስበት ደንብ ይበጅ።

የማመንጨት፣ የከፍተኛ መስመር፣ የሥርጭትና የሽያጭ ሂሳብ ተለይቶ ይመርመርና ይታተም። የመስመር ኪራይ ስሌት ረቂቁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቶ በአካባቢያችን አዳራሽ ይቅረብልን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ሥራ አንፈታም። ትልልቅ ደንበኞች በቀጥታ እንዲገዙ የሚፈቅደው መመሪያ ይህ ስሌት ሳይጸድቅ አይውጣ። ለሻጮች ፈቃድ ሲሰጥ የካፒታል መጠንና የመጨረሻው አማራጭ ሻጭ፣ ማለትም ሌላው ሲከስር ደንበኛውን የሚረከበው፣ ማን እንደሆነ አብሮ ይወሰን። የታሪፍ ውሳኔ በማን እጅ እንደሚሆንም ከመጀመሪያው ፈቃድ በፊት በሕግ ይስተካከል።

በመጨረሻም፣ ረቂቁን በሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ለአነስተኛ ደንበኞች ድምፅ ያለው መቀመጫ ይሰጠን። ታዛቢ ሆነን ሻይ ለመጠጣት አንመጣም። የምንልከውን ሰው መርጠናል፤ ወፍጮ የምትፈጭ እናት ናት፣ አጠገቧም ጡረተኛው መሐንዲስ ይቀመጣል። የስብሰባው ቀንና ሰዓት በደብዳቤ እንዲነገረን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚሠሩ የወፍጮ ቤት፣ የዳቦ ቤት፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ባለቤቶችና ሠራተኞች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ጉዳዩ ለሚመለከተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ
ለአካባቢያችን የኤሌክትሪክ ደንበኞች በሙሉ